ሕፃኑን ሌሊት ሲያስለው

ከአንድ ዓመት እስከ ሦስት ዓመት ዕድሜ ያለው ልጅ ባለበት ቤት የሳልን ድምፅ የማያውቅ ሰው የለም። ቀን ሲሮጥ፣ ሲስቅ፣ በርጩማውን እየገፋ ሲዞር የዋለው ልጅ ማታ ገና ጎኑ መኝታ ሲነካ ማሳል ይጀምራል፤ እኩለ ሌሊት ላይ ይብስበታል፤ ሊነጋጋ ሲል ደግሞ እርሱ ደኅና እንቅልፍ ወስዶት፣ አባትና እናት ዓይናቸው ቀልቶ ይገኛሉ። አባት በማግስቱ ቢሮ ገብቶ መዝገብ ሲያገላብጥ የሚያንቀላፋው፣ ተማሪውም በፈተና ላይ አንዱን ጥያቄ ሁለት ጊዜ የሚያነበው ብዙ ጊዜ በዚሁ ምክንያት ነው።

ይህን ጉዳይ በዛሬው ገጻችን ለማንሣት የፈለግነው ወጣት አንባቢዎቻችንን በማሰብ ነው። የዛሬ ወጣት ሠራተኛ ትዳር የሚመሠርተው አብዛኛውን ጊዜ ከወላጆቹ ርቆ፣ በተመደበበት ከተማ፣ በተከራያት አንዲት ክፍል ውስጥ ነው። ልጅ ሲታመም «ይህ ምንም አይደል፤ እናንተንም እንዲህ ያደርጋችሁ ነበር» ብላ የምታጽናና አያት ከጎኑ የለችም። በእርስዋ ፈንታ መካሪ አይጠፋም፤ ጎረቤት አንድ ይላል፣ የሥራ ባልደረባ ሌላ ይላል፣ የመድኃኒት ቤቱ ሻጭ ደግሞ ጠርሙስ ያወጣል። ከዚህ ሁሉ ምክር ውስጥ ጥቂቱ እጅግ ጠቃሚ፣ አብዛኛው የማይጠቅም የማይጎዳ፣ ጥቂቱ ግን ሕፃን የሚገድል ነው። ይህንንም ለይቶ ማወቅ ለሐኪም ብቻ የሚተው ነገር አይደለም፤ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከልጁ አጠገብ ያለው ወላጅ እንጂ ሐኪም አይደለምና።

በቅድሚያ ሳል ምን እንደሆነ እንናገር። ሳል በራሱ በሽታ አይደለም። በአፍንጫ፣ በጕሮሮና በአየር ቧንቧ ውስጥ ያለው ስስ ሽፋን በጉንፋን ቫይረስ ሲቆጣ ንፍጥና አክታ ያመነጫል፤ ይህም ወደ ሳንባ እንዳይወርድ ሰውነት አየር በኃይል እያስወጣ ይጠርገዋል። ሳል የምንለው ይህን መጥረጊያ ነው። ትልቅ ሰው ይናፈጣል፣ አክታውንም ይተፋል፤ የሁለት ዓመት ልጅ ግን መናፈጥም ሆነ መትፋት ገና ስላልተማረ ያለው መሣሪያ ሳል ብቻ ነው። ሲተኛ ደግሞ ንፍጡ ከአፍንጫው በስተጀርባ ወደ ጕሮሮው ስለሚወርድ ሳሉ ሌሊት ይበረታል። ስለዚህ ወላጅ ሊመኝ የሚገባው ሳሉ ጨርሶ እንዲታፈን ሳይሆን፣ ጕሮሮው እንዲለዝብና ልጁ እንዲተኛ ነው።

ጤነኛ ሕፃን በዓመት ውስጥ ስድስት ወይም ስምንት ጊዜ ጉንፋን ቢይዘው የሚያስደንቅ አይደለም፤ መዋዕለ ሕፃናት የገባ እንደሆነ ከዚያም ሊበልጥ ይችላል። አንዱ ሳይለቅ ሌላው ስለሚተካ «ይህ ልጅ ክረምቱን በሙሉ እንዳሳለው ከረመ» የሚል ወላጅ ብዙ ነው፤ አልተሳሳተም። የተሳሳተ ግምት ያለው ስለ ቆይታው ነው። ብዙ ሰው ሳል በሦስት በአራት ቀን መጥፋት አለበት ብሎ ያምናል፤ በአምስተኛው ቀን ሳይጠፋ ሲቀር ይደነግጥና መድኃኒት ፍለጋ ይሮጣል። ነገር ግን እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ2013 በብሪታንያ የሕክምና መጽሔት የወጣ፣ ብዙ ጥናቶችን ባንድነት የመረመረ ጽሑፍ እንዳመለከተው፣ በጉንፋን ከሚያስላቸው ሕፃናት ግማሾቹ የሚድኑት በ10 ቀን ውስጥ ሲሆን፣ ከመቶ ዘጠናው ለመዳን እስከ 25 ቀን ይፈጃል። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸውም ዓመታት፣ ዓመተ ምሕረት ካላልን በቀር፣ በዚሁ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው። እንግዲህ በስምንተኛው ቀን ገና የሚያስለው፣ ዳሩ ግን የሚበላ፣ የሚጫወትና የሚስቅ ልጅ በሽታው ጸንቶበት ሳይሆን ጉንፋኑ ጊዜውን እየጨረሰ ነው ማለት ነው።

ለዚህ ዓይነቱ ሳል በቤት ውስጥ ከሚገኘው ሁሉ የሚበልጠው ማር ነው። ይህን ስንል አያቶቻችን ያሉትን ለመድገም ብቻ አይደለም። በ2007 በአሜሪካ በፔንሲልቬንያ የሚገኙ ሊቃውንት ዕድሜያቸው ከሁለት ዓመት ጀምሮ የሆኑ 105 ልጆችን በሦስት ከፍለው፣ ለአንደኛው ወገን ማታ ማር፣ ለሁለተኛው ዴክስትሮሜቶርፋን የተባለውን የታወቀ የሳል መድኃኒት ሰጥተው፣ ሦስተኛውን ምንም ሳይሰጡ ቢያስተያዩ፣ ወላጆች ስለ ሌሊቱ ሲጠየቁ የተሻለ ማደራቸው የተነገረላቸው ማር የቀመሱት ናቸው። በ2012 የወጣው የእስራኤል ጥናት ደግሞ ከአንድ እስከ አምስት ዓመት ዕድሜ ያላቸውን 300 ልጆች የተመለከተ ነበር። ከመኝታ በፊት 10 ግራም ማር የተሰጣቸው ልጆች፣ በመልክና በጣዕም ማር የሚመስል የተምር ጭማቂ ከተሰጣቸው ይልቅ ሳላቸው ቀንሶ እነርሱም ወላጆቻቸውም የተሻለ እንቅልፍ ተኝተዋል። በዚያ ጥናት ከተሞከሩት ሦስት ዓይነት ማሮች አንዱ ከባሕር ዛፍ አበባ የተቀሰመ ነበር። ከአፍሪካ አገሮች ሁሉ ብዙ ማር በምታመርተው በአገራችን፣ ባሕር ዛፉም በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ገብቶ ኮረብታውን ሁሉ ከሸፈነ ወዲህ፣ ይህ መድኃኒት ሩቅ ተኪዶ የሚፈለግ አይደለም።

አሰጣጡ ቀላል ነው። ከመኝታ በፊት ግማሽ ሰዓት ያህል ቀደም ብሎ፣ ከግማሽ እስከ አንድ የሻይ ማንኪያ ማር እንዲሁ ማላስ ወይም ለብ ባለ ውሃ በጥብጦ ማጠጣት ነው። ነጭም ሆነ ቀይ ማር ለውጥ የለውም፤ ከሚታወቅ ሰው መግዛት ግን ይሻላል፤ ገበያ ላይ ስኳር ተቀላቅሎበት የሚሸጠው ብዙ ነውና። ጥርስ ላይ ተጣብቆ እንዳያድር ከዚያ በኋላ ውሃ ማስጎንጨት ወይም ጥርሱን ማጽዳት ያስፈልጋል።

አንባቢዎቻችን አንድ ነገር ብቻ ይዘው የሚቀሩ ቢሆን የሚከተለውን እንዲይዙልን እንለምናለን። አንድ ዓመት ላልሞላው ሕፃን ማር ፈጽሞ አይሰጥም። በማር ውስጥ አንዳንድ ጊዜ ቦቱሊዝም የተባለውን በሽታ የሚያመጣ የባክቴሪያ ዘር ይገኛል። ትልቅ ሰውና ከፍ ያለ ልጅ ቢውጠው አንጀቱ ጠንክሯልና አይጎዳውም፤ ዓመት ባልሞላው ጨቅላ አንጀት ውስጥ ግን ዘሩ ይበቅልና መርዝ ያመነጫል። መርዙም ጅማትን ያዝላል፤ ሕፃኑ በመጀመሪያ ሆዱ ይደርቃል፣ ከዚያ ጡት መሳብ ያቅተዋል፣ ለቅሶው ይደክማል፣ አንገቱ ይጥመለመላል፣ በመጨረሻም መተንፈስ ሊሳነው ይችላል። ይህ በሽታ በሕፃናት ላይ የታወቀው በ1976 በካሊፎርኒያ ነው። «በጣቴ ጫፍ ብቻ ባቀምሰውስ?» ለሚለን መልሳችን አይሆንም ነው። «አፍልቼ ብሰጠውስ?» ለሚለንም መልሱ ያው ነው፤ ዘሩ በወጥ ቤት እሳት አይሞትምና። ዓመት ላልሞላው ልጅ የጕሮሮ ማለዘቢያው የእናት ጡት ነው፤ ስድስት ወር ካለፈው ለብ ያለ ውሃም በጥቂቱ ይጨመርለታል።

ከማር ቀጥሎ የሚመጣው የሚጠጣ ነገር ነው። ውሃ፣ የዶሮ ወይም የሥጋ መረቅ፣ ቀጠን ያለ አጥሚት፣ ሞቅ ያለ ወተት አክታን ያቀጥናል፤ ጕሮሮን ያረጥባል። ወተት አክታ ያበዛል እየተባለ በብዙ ቤት ይከለከላል፤ ይህ የተረጋገጠ ነገር አይደለም፤ ምግብ እንቢ ያለ ልጅ ወተት ከጠጣ ደስ ሊለን ይገባል። እንደወትሮው አንድ ሳሕን ባይጨርስ አያስጨንቅ፤ በጥቂት በጥቂቱ ቶሎ ቶሎ መስጠት ነው። ቶስኝ ተፈልቶ ለትልልቆች ሲሰጥ መዓዛውም ሙቀቱም ደስ የሚል ነው፤ ቀጠን አድርጎ ለብ ሲል ለልጅ ጥቂት ቢቀመስለት ጉዳት አለው አንልም። ዳማከሴ ተጨምቆ፣ ጤና አዳም ተቀጥቅጦ ለሕፃን መስጠት ግን ሌላ ነገር ነው። አንድ ማንኪያ ጭማቂ ምን ያህል ኃይል እንዳለው የለካው ሰው የለም፤ ጤና አዳም በተለይ ሲበዛ የሚመርዝ ቅጠል ነው።

አፍንጫው የተዘጋ ልጅ ሊተኛ አይችልም፤ በአፉ ሲተነፍስ ጕሮሮው ይደርቅና ሳሉ ይጨምራል። ስለዚህ ለሳሉ የሚበጀው አንዱ ዘዴ አፍንጫውን መክፈት ነው። አንድ ብርጭቆ ያህል፣ ማለትም ሩብ ሊትር ውሃ ደኅና አድርጎ አፍልቶ ማቀዝቀዝ፣ በውስጡም ግማሽ የሻይ ማንኪያ ንጹሕ ጨው ማሟሟት፣ ከዚያም በንጹሕ ጠብታ መስጫ ወይም በፈላ ውሃ በተነከረ ንጹሕ ጨርቅ ጫፍ በየአፍንጫው ቀዳዳ ሁለት ሦስት ጠብታ ማንጠባጠብ ነው። ጥቂት ቆይቶ ንፍጡ ሲለሰልስ በስስ ጨርቅ ይጠረጋል። ልጁ ይጮኻል፤ የታወቀ ነው። ውሃው በየቀኑ አዲስ መፈላት አለበት። ይህ ከምግብና ከመኝታ በፊት ቢደረግ ለብዙዎች ሌሊቱን ያቀልላቸዋል።

በአፍንጫ የሚገባ ነገር ከተነሣ ዘንድ ስለ ቅቤም እንናገር። ለጋ ቅቤ አናት ላይ ቢቀባ ከፀጉር የሚያልፍ ነገር የለውም። በአፍንጫ ማንጠባጠብ ወይም ጨቅላን በግድ ማዋጥ ግን አደጋ ነው። ቅባት እንደ ውሃ ሳል አይቀሰቅስምና በዝምታ ወደ ሳንባ ይወርዳል፤ ወርዶም አይወጣም። በሳዑዲ ዓረቢያና በደቡብ ሕንድ እንዲህ ያለ ልማድ በነበረበት አካባቢ በዚሁ ሰበብ የሳንባ ቁስለት የያዛቸው ሕፃናት በሐኪሞች ተመዝግበዋል። ጉንፋን ብቻ የነበረው ልጅ በመድኃኒቱ ታመመ ማለት ነው።

እንፋሎትም እንዲሁ ሁለት ፊት አለው። ባሕር ዛፍ በድስት ቀቅሎ ብርድ ልብስ ተከናንቦ መታጠን ለትልቅ ሰው የተለመደ ነው። ለሕፃን ግን ጥቅሙ ሳይረጋገጥ ጉዳቱ የተረጋገጠ ነው፤ አንድ ጊዜ ቢራገጥ የፈላው ውሃ ይደፋበታልና። በእንዲህ ያለ ቃጠሎ ሆስፒታል የሚገቡ ልጆች በየአገሩ አሉ። ቪክስና እርሱን የመሰለው ካምፎር ያለበት ቅባት ደግሞ ሁለት ዓመት ላልሞላው ልጅ አይቀባም፤ ከዚያ በላይ ለሆነውም ደረቱ ላይ እንጂ አፍንጫው ውስጥ ወይም አፉ ውስጥ አይደረግም። ትኩሳት ያበርዳል ተብሎ ሰውነቱን በአረቄ ማሸትም መቅረት ያለበት ልማድ ነው፤ አልኮሉ በቆዳ ያልፋል፣ በትንፋሽም ይገባል።

ከሁሉ ይልቅ ወጣት ባለትዳሮች ሊያስቡበት የሚገባው በአንዲቱ ክፍል ውስጥ ያለው ጢስ ነው። ክፍሏ መኝታም ናት፣ ወጥ ቤትም ናት፣ የእንግዳ መቀበያም ናት። ጠዋት እንጨት ወይም ከሰል ይነዳል፤ ከሰዓት በኋላ ቡና ይፈላል፣ እጣን ይጨሳል፤ ማታ አባት ሲጋራ ያበራል። የዓለም የጤና ድርጅት እንደሚለው በቤት ውስጥ የሚገኝ ጢስ ሕፃንን የሳንባ ምች የሚይዝበትን ዕድል ወደ እጥፍ ሊያደርሰው ይችላል። ቡናውን ተዉት አንልም፤ ብንልስ ማን ይሰማናል! ነገር ግን ሳል ያለበት ልጅ ባለ ጊዜ ምድጃው ወደ ደጃፍ ቢወጣ፣ እጣኑ ለአንድ ሳምንት ቢቀር፣ በርና መስኮት ቢከፈት ከብዙ ጠርሙስ መድኃኒት ይበልጣል። ሲጋራ የሚያጨሰው ሰው ውጭ ወጥቶ ያጭስ። «ልጁን ይብረደው» እየተባለ የከሰል ምድጃ አስገብቶ በሩን ዘግቶ መተኛት ግን ሳልን የሚያባብስ ብቻ አይደለም። ከፍም የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ መልክም ሽታም የለውም፤ ሙሉ ቤተ ሰብ እንደተኛ ይቀራል።

አሁን ወደ መድኃኒት ቤቱ እንሂድ። ወጣቱ አባት ከሥራ ሲወጣ ጎራ ይልና «ለሕፃን ሳል የሚሆን ሽሮፕ ስጡኝ» ይላል፤ ቀይ ወይም ብርቱካን መልክ ያለው ጠርሙስ ይሰጠዋል። ገንዘቡን ሲከፍል አባትነቱን የፈጸመ ይመስለዋል። ነገሩ ግን እንዲህ ነው። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ቍጥጥር መሥሪያ ቤት በ2008 እንዲህ ያሉት በያይነቱ የተቀላቀሉ የጉንፋንና የሳል መድኃኒቶች ከሁለት ዓመት በታች ለሆነ ልጅ እንዳይሰጡ አስጠንቅቋል፤ በ2017 ደግሞ ኮዴይን ያለበት ከ12 ዓመት በታች ለሆነ ልጅ እንዳይሰጥ ከልክሏል። ምክንያቱም ሁለት ነው፤ አንደኛ በሕፃናት ላይ ማዳናቸው አልታየም፤ ሁለተኛ ልብን የሚያፈጥኑ፣ የሚያደነዝዙና ትንፋሽን የሚያዘገዩ ነገሮች በውስጣቸው አሉ።

ከዚህም የከፋ ታሪክ አለ። በ2022 በጋምቢያ ወደ 70 የሚሆኑ ሕፃናት፣ አብዛኞቹ ከአምስት ዓመት በታች የሆኑ፣ ኵላሊታቸው በድንገት ሥራ አቁሞ ሞቱ። የጠጡት ከውጭ አገር የገባ የሳልና የጉንፋን ሽሮፕ ነበር። ሽሮፕ እንዲጣፍጥና እንዲወፍር ግሊሰሪን ወይም ፕሮፒሊን ግላይኮል የተባለ ፈሳሽ ይገባበታል፤ በዚያ ፈንታ ለመኪና ማቀዝቀዣና ለመሰል ሥራ የሚውሉት ዳይኤቲሊን ግላይኮልና ኤቲሊን ግላይኮል ተገኙበት። በመልክም በጣዕምም ስለሚመሳሰሉ ካልተመረመረ በቀር አይለይም። በዚያው ዓመት በኢንዶኔዥያና በኡዝቤኪስታን ተመሳሳይ መከራ ደረሰ፤ የዓለም የጤና ድርጅት በ2023 መጀመሪያ ላይ በሦስቱ አገሮች የሞቱት ከ300 በላይ መሆናቸውን አስታወቀ። ነገሩ አዲስ አልነበረም። በ1937 በአሜሪካ በዚሁ መርዝ የተበጠበጠ መድኃኒት ከመቶ በላይ ሰዎችን፣ ብዙዎቹን ሕፃናት ስለገደለ፣ በማግስቱ ዓመት መድኃኒት ለገበያ ከመውጣቱ በፊት ደኅንነቱ እንዲመረመር የሚያስገድድ ሕግ የወጣው በዚያ ምክንያት ነው። በጉንፋን የሚያስለው፣ በራሱ ጊዜ የሚድን ልጅ፣ አያስፈልገው በነበረ ጠርሙስ መሞቱ ከሁሉ ይልቅ ያሳዝናል።

አንቲባዮቲክም ቢሆን እንዲሁ ነው። ባክቴሪያን ይገድላል፤ የጉንፋን ቫይረስን ግን አይነካም። ካለፈው ዓመት የተረፈውን አሞክሲሲሊን ከመደርደሪያ አውርዶ ለሁለት ቀን መስጠት ጉንፋኑን አያሳጥርም፤ ተቅማጥ ያመጣል፣ ባክቴሪያውንም መድኃኒቱን ያለማምደዋል። ልጁ ትኩሳት አስጨንቆት እንደሆነ ፓራሲታሞል በክብደቱ ልክ፣ ጤና ባለሙያ በነገረው መጠን ይሰጠዋል። አስፒሪን ግን ለሕፃን አይሰጥም።

አያትየዋ ከአገር ቤት የመጣች እንደሆነ ደግሞ ሌላ ክርክር ይነሣል። ሁለት ሌሊት ሳሉን ካዳመጠች በኋላ ጠዋት ላይ፦

«ልጄ፣ ይህ ልጅ እንጥሉ ወርዷል። የሚያውቅ ሰው አለ፤ ይቁረጥለትና ይረፍ» ትላለች።

አማቹ ተምሬአለሁ ብሎ ቢቆጣ ነገሩ ይበላሻል፤ እርሱ ቢሮ በሄደ ጊዜ ልጁ በአንቀልባ ወደ ቈራጩ ይወሰዳልና። «እማማ፣ እርስዎ ስንቱን ልጅ አሳድገዋል፤ እኔ ምን አውቃለሁ። ብቻ አብረን ጤና ጣቢያ እንሂድና እርስዎ ባሉበት ጕሮሮውን ይዩት» ቢላት የሚሻል ይመስለናል። አያትየዋ ክፉ አስባ አይደለም፤ በዘመንዋ ሕፃን በሳል ታፍኖ ሲሞት አይታለች። ጕሮሮው ሲቆጣ እንጥልም አብሮ ስለሚያብጥ ጥፋተኛው እርሱ መስሎ ታይቷታል። ነገር ግን እንጥል የጉንፋን መንሥኤ አይደለም፤ ጉንፋኑ ሲለቅ እብጠቱ በራሱ ይጎድላል። ባልተቀቀለ ምላጭ ወይም በክር የሚቈርጡት ጊዜ የሚፈሰው ደም ለአንድ ሕፃን ብዙ ነው፤ ቁስሉ ያመረቅዛል፤ መንጋጋ ቆልፍ የሚያመጣም ነው፤ አንዱ ምላጭ ከልጅ ወደ ልጅ ሲዞርም ሌላ በሽታ ያዛምታል። በ1996 ዓመተ ምሕረት የወጣው የወንጀል ሕጋችን፣ በእናትና በሕፃን ላይ ሞት ወይም ጉዳት ሲያስከትሉ ከሚያስቀጡት ጎጂ ልማዶች መካከል እንጥል መቁረጥንና የወተት ጥርስ መንቀልን በስም ጠቅሶ አስፍሯል። ይህን ለአያትየዋ ማንበብ አያስፈልግም፤ ለቈራጩ ግን ሊነገረው ይገባል።

እስካሁን የተናገርነው ሁሉ በቤት ስለሚድነው ሳል ነው። በቤት የማይድነውን እንዴት እናውቃለን? የሳሉ ድምፅ አይነግረንም፤ የሚነግረን ትንፋሹ ነው። ልጁ ጸጥ ባለ ጊዜ፣ ሳያለቅስና ጡት ሳይጠባ፣ ልብሱን ገለጥ አድርጎ ሆዱንና ደረቱን መመልከት ነው። ሰዓት ይዞ ሙሉ አንድ ደቂቃ መቊጠር ያስፈልጋል፤ ግማሽ ደቂቃ ቈጥሮ በሁለት ማባዛት ያሳስታል። ከአንድ ዓመት እስከ አምስት ዓመት ዕድሜ ያለው ልጅ በደቂቃ 40 ጊዜ ወይም ከዚያ በላይ ከተነፈሰ፣ ከሁለት ወር እስከ አንድ ዓመት ያለው 50 ወይም ከዚያ በላይ ከተነፈሰ፣ ኒሞኒያ የሚሉት የሳንባ ምች ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ መድረስ አለበት። ሁለት ወር ያልሞላው ጨቅላ ግን ሳልና ፈጣን ትንፋሽ ካለው፣ ቍጥሩንም ሳይጨርሱ መሄድ ይሻላል። እንዲሁም ትንፋሽ ወደ ውስጥ ሲስብ ከጎድን አጥንቱ በታች ያለው ሥጋ ወደ ውስጥ የሚገባ፣ ከንፈሩ የጠቆረ፣ መጠጣት ወይም መጥባት ያቃተው፣ የጠጣውን ሁሉ የሚያስመልስ፣ የሚያንቀጠቅጠው ወይም ሲቀሰቅሱት የማይነቃ ልጅ እስኪነጋ አይጠበቅም። በ2019 ብቻ በዓለም ላይ ከአምስት ዓመት በታች የሆኑ 740 ሺህ ያህል ሕፃናት በሳንባ ምች ሞተዋል። መድኃኒቱ ውድ ሆኖ አይደለም፤ ብዙዎቹ ዘግይተው ስለደረሱ ወይም ስላልደረሱ ነው። በገጠር የተመደቡ አንባቢዎቻችንም በ2003 የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ሥራ እስከ ቀበሌው ጤና ኬላ እንደደረሰ ያስታውሱ፤ ትንፋሽ ቈጥራ ማከም የተማረች ሠራተኛ እዚያ አለች።

ሌሎችም የሚለዩ ሳሎች አሉ። ክሩፕ የሚሉት ሌሊት በድንገት ይነሣል፤ ሳሉ እንደ ውሻ ጩኸት ሻካራ ነው፣ ልጁ አየር ሲስብ ያፏጫል። ዋናው ነገር ልጁን ማቀፍና አለማስለቀስ ነው፤ ሲያለቅስ ይጠብበታልና። ደኅና አድርጎ አልብሶ ወደ ቀዝቃዛ የሌሊት አየር ማውጣት የድሮ ሰዎች ዘዴ ነበር፤ በ2023 በስዊዘርላንድ የወጣ ጥናት ግማሽ ሰዓት በቀዝቃዛ አየር የቆዩት ልጆች እንደቀለላቸው አረጋግጧል። ጸጥ ብሎ ሳለም የሚያፏጭ ከሆነ ግን ወደ ሆስፒታል ነው። ትክትክ ደግሞ ልጁን ትንፋሽ እስኪያጥረው አከታትሎ ያስለዋል፣ በመጨረሻም ያስመልሰዋል። የሚከላከለው ክትባት በስድስተኛው፣ በአሥረኛውና በአሥራ አራተኛው ሳምንት በነፃ የሚሰጠው ነው።

ቆሎና ኦቾሎኒ የሚያመጡትን ሳል ወላጆች ብዙ ጊዜ አያስተውሉትም። ምንም ሳይሆን ሲጫወት የነበረ ልጅ በድንገት ትን ብሎት ካሳለ፣ ከዚያም ጸጥ ካለ፣ «ወረደለት» ተብሎ ይተዋል። ፍሬዋ የወረደችው ግን ወደ ሆድ ሳይሆን ወደ ሳንባ ሊሆን ይችላል፤ ከሳምንት በኋላ የማይለቅ ሳልና ትኩሳት ሆና ትመለሳለች። እንዲህ ያለ ነገር ከታየ ልጁ ደኅና ቢመስልም ለሐኪም መነገር አለበት። አራት ዓመት ሳይሞላው ቆሎ፣ ሽምብራና ኦቾሎኒ በእጁ ባይሰጠው ይሻላል፤ እንግዶች በቡና ሰዓት ለማባበል ያቀብሉታልና ቀድሞ መናገር ነው።

ሁለት ሳምንት ያለፈው ሳል ከላይ እንዳልነው ብዙውን ጊዜ የጉንፋን ርዝራዥ ነው፤ ሆኖም በአገራችን የሳንባ ነቀርሳ ስላለ፣ በተለይ ልጁ ከከሳ፣ ማታ ማታ ካላበው ወይም በቤት ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚያስለው ትልቅ ሰው ካለ፣ መመርመር አለበት። ጤና ጣቢያ ሲኬድ ሐኪሙ የሚጠይቀው ይታወቃል፤ ሳሉ የጀመረው መቼ ነው፣ ትኩሳት ነበረው ወይ፣ ይጠጣል ወይ፣ እቤት ምን ምን ተሰጠው። የመጨረሻውን ጥያቄ ማንም በሙሉ አይመልስም፤ ያፍራልና። የተሰጠው ሽሮፕ ካለ ጠርሙሱን፣ ቅጠል ከሆነ ስሙን፣ የክትባት ካርዱንም አብሮ ይዞ መሄድ ነው።